«የእኛ ሰው» ቤተ መንግሥት ሲገባ

ባለፈው ረቡዕ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ወንበሮቹን እየደራረብን ሳለ አንድ ወጣት ወንድም ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ፓስተር፣ ነገ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆን ምን ይውጠናል?»

መልስ አልሰጠሁትም። ወንበሩን አንሥቼ ወደ ግድግዳው ወሰድሁ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አስደነገጠኝ። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ክፉና ደጉን ከለየ ጀምሮ ያየው ጠቅላይ ሚኒስትር ሁሉ «ጴንጤ» የሚባል ነው። እኔ ጌታን ያገኘሁት ከእሱ ባነሰ ዕድሜ በደርግ ዘመን ነው። በሰው ቤት ሳሎን መጋረጃ ተጋርዶ፣ ሬዲዮው ከፍ ተደርጎ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመር ነበር። ያኔ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ይገዛን ይሆን ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ይገዛናል ብሎ ያለመም አልነበረም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወጣት የዘገየ መልሴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያልገባችሁ፣ ገና ከዳር ቆማችሁ የምታዩን ወገኖችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደምናዘዘው፣ ጉዳዩ እናንተንም ነክቷል።

መጀመሪያ በዚያ ወንበር ላይ እነማን ተቀምጠው እንደነበር እናስታውስ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሃይማኖትና መንበር የተጋቡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ በዚያ እምነት እንዲጸኑ፣ ስማቸውም በየቅዳሴው እንዲነሣ ሕጉ ያዝዝ ነበር። የመንግሥቱን ሥራ የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ከዚያው ዓለም የወጡ ናቸው። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ስለ ነፍስና ስለ ዓለም ከንቱነት የሚተርኩ መጻሕፍት የደረሱ ጸሐፊ ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የቡልጋ ካህን ልጅ ነበሩ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አላቸው፤ የወወክማ የዓለም ኅብረት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝም ልጅ እንዳልካቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት መካከል ናቸው።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ለወንጌላውያን ትልቅ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ቢሊ ግራሃም በበርሊን ከተማ ባስተባበሩት የዓለም የወንጌል ስርጭት ጉባኤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ስለ ክርስቶስ ተናገሩ። የዓለም ወንጌላውያን አጨበጨቡላቸው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሙሉ ወንጌል አማኞች ወጣቶች ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረቡ። ተከለከሉ። በኋላም በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት፣ ሲያመልኩ ከተገኙት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሠሩ። ስለ ክርስቶስ በበርሊን የተናገሩት ንጉሥና ክርስቶስን የሚዘምሩ ልጆችን ያሠረው መንግሥት አንድ ናቸው። ንጉሡ ግብዝ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። የመሪ የግል እምነት አንድ ነገር፣ የመንግሥቱ አሠራር ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደግሞ ይህን እንይ። ዙፋኑ ሲወድቅ እጅግ የተጎዳችው ወደ ዙፋኑ የቀረበችው ቤተ ክርስቲያን ናት። መሬቷ ተወረሰ። ፓትርያርኳ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፣ ታሠሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ይህን የምጽፈው በእኅት ቤተ ክርስቲያን ሐዘን ለመደሰት አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የእኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ኡራኤል አካባቢ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ በሕይወትም አልተመለሱም። ኦርቶዶክሱ ፓትርያርክና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ የአንድ መንግሥት ሰለባ ሆኑ።

ያን መንግሥት የሚመሩት እነማን ነበሩ? ስማቸውን ተመልከቱ። ርዕሰ ብሔሩ የአባታቸው ስም ኃይለ ማርያም ነው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ፍቅረ ሥላሴ ይባላሉ። እናትና አባት ለልጃቸው የሚያወጡት ስም ጸሎት ነው፤ ልጁ አድጎ የሚይዘውን መንገድ ግን ስሙ አይወስንም። እኛስ በየቤታችን ስንት «በረከት»፣ ስንት «ጸጋ» ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ቀርቶብን የለ?

ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ ነበሩ። ከጫካ የመጡ ታጋይ፣ በሥልጣን ዘመናቸው ከእኛ ጉባኤ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው። በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፣ ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ታሥረው በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ጌታ የተገለጠላቸው እዚያው እስር ቤት ውስጥ እንደ ሆነ በብዙ መድረክ መስክረዋል። ምስክርነታቸውን የሰማ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳሉ ያልደረሰባቸው ወንጌል ወኅኒ ቤት ደረሰባቸው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምንጸልየው። «ጌታ ሆይ፣ ልጆችህን ወደ ቤተ መንግሥት አስገባ» እንላለን። ወደ ወኅኒ ቤት ገብቶ የሚያገለግል ሰው ስንፈልግ ግን የሚሰለፈው ሦስት ሰው ነው። (ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱ ጡረተኞች ናቸው።)

አቶ መለስ ዜናዊ ከነሐሴ 1987 እስከ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትርነት ገዙ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ተወልደው በማርክሲዝም ያደጉ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ በንግግራቸው የእግዚአብሔርን ስም መጥራት ልማዳቸው አልነበረም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በነሐሴ 10፣ እሳቸው በነሐሴ 14 ማረፋቸው የዚያን ወር ሐዘን እጥፍ አደረገው። እሳቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በሕይወታቸው ስለ እግዚአብሔር ብዙ ያልተናገሩት መሪ በካህናት ጸሎት ተሸኙ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ለወጣቱ ወንድሜ ቁጥር ልንገረው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የፕሮቴስታንት ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ 6 ከመቶ እንኳ አልሞላም። በ1987ቱ ቆጠራ ወደ 10 ከመቶ ደረሰ። በ1999ኙ ከ18 ከመቶ አለፈ። ሦስቱም ቆጠራዎች ሲደረጉ በቤተ መንግሥት አንድም ወንጌላዊ መሪ አልነበረም። አንዱ ማርክሲስት፣ አንዱ ታጋይ፣ ሌላው የእግዚአብሔርን ስም በአደባባይ የማይጠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የበዛችው በእነርሱ ዘመን ነው። ስለዚህ «ምን ይውጠናል» ለሚለው ጥያቄ የታሪኩ መልስ አጭር ነው፤ ያኔ ያልዋጠን ነገር ዛሬም አይውጠንም። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የወላይታ ልጅ፣ በሙያቸው መሐንዲስ፣ የመጀመሪያው ፕሮቴስታንት መሪ። በዚያ ሳምንት እሑድ በአጥቢያችን የነበረውን እልልታ እስካሁን እሰማዋለሁ። መድረኩ ላይ ቆሜ ያሳለልሁት እኔ ነኝ። ዮሴፍን ሰበክሁ፤ ከወኅኒ ወደ ግብፅ ቤተ መንግሥት። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ አቶ ኃይለ ማርያም የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው? የኢትዮጵያ ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው፤ በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» የምንላት፣ በኢየሱስ ስም ብቻ የምታጠምቅ፣ ሥላሴን እኛ በምናምንበት መንገድ የማታምን። ከዚያ በፊት በነበረው ወር በዚያው መድረክ ላይ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሕተት ነው ብዬ አስተምሬአለሁ! በሥነ መለኮት ኮሌጅ የሥላሴን ትምህርት አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርሁ ሰው፣ የሥልጣን ወሬ ሲመጣ ትምህርቴን በአንድ እሑድ አጠፍሁት። ሰውየውን መውቀሴ አይደለም። እሳቸው የሚያምኑትን ደብቀው አያውቁም። የዋሸነው እኛ ነን። «የእኛ» ያልነው በእምነት አልነበረም፤ በስም ነበር። «ጴንጤ» የሚለውን ስም ሌሎች ለስድብ አወጡልን፤ እኛ እንደ ጎሣ ለበስነው።

አቶ ኃይለ ማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው እንደሚለቁ አሳወቁ። የመፍትሔው አካል ለመሆን ነው ያሉት። በአገራችን ወንበር በሞት ወይም በጠመንጃ ካልሆነ በማይለቀቅበት ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። እኔ በግሌ ከቃለ መሐላው ይልቅ ይህ እልልታ የሚገባው ይመስለኛል። በዚያ እሑድ ግን እልል ያለ አላስታውስም።

ከዚያ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጡ። በጅማ በሻሻ ከሙስሊም አባትና ከኦርቶዶክስ እናት ተወልደው የሙሉ ወንጌል አማኝ የሆኑ ሰው ናቸው። የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት እንዲህ ነው፤ በአንድ ትሪ ላይ ሦስት ዓይነት ጾም የሚጾሙ ሰዎች የሚቀርቡበት ቤት። የዶክትሬት ጥናታቸውም በጅማ ዞን ስለነበረው የሃይማኖት ግጭትና ስለ ባሕላዊ አፈታቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያየነው ደስ የሚያሰኝ ነበር። ለሁለት ተከፍሎ የቆየው የኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ታረቀ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ከስደት ተመለሱ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። ለዘመናት በፈቃድ እድሳት የኖርን ሰዎች ነንና እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። «ፈጣሪ ኢትዮጵያን ይባርክ» የሚል መሪ በቴሌቪዥን ስናይ አሜን አልን። አሜን ማለት ኃጢአት አይደለም።

ኃጢአቱ የመጣው በኋላ ነው፤ የእኔን ብቻ ልናገር።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ማን ጀመረ፣ ማን ምን አደረገ የሚለውን ለታሪክና ለዳኛ እተወዋለሁ። የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። በአጥቢያችን ከአሥር ዓመት በላይ በኳየር ያገለገለች አንዲት እኅት አለች። በዚያ ኅዳር አንድ እሑድ የጸሎት ርእስ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ «እናቴ መቀሌ ናት። ስልክ የለም። ጸልዩልኝ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቶቹን በመድረክ የማነበው እኔ ነበርሁ። የእሷን አነበብሁት፤ በዓይኔ ብቻ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ቀጥሎ የነበረው የአንድ ወንድም የቪዛ ቀጠሮ ነበር። እሱን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ጉባኤውም ጸለየለት።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «ፖለቲካ ይመስላል» የሚል ነበር። የእናት ደኅንነት እንዴት ፖለቲካ ይመስላል? እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። መሪው «የእኛ ሰው» ስለሆኑ፣ በዘመናቸው እንባ አለ ማለት እሳቸውን መክሰስ መሰለኝ። ማንም ባለሥልጣን አላስፈራራኝም። ማንም ካድሬ ደጄን አላንኳኳም። በደርግ ጊዜ በፍርሃት ድምፄን ዝቅ ያደረግሁ ሰው፣ በዚህኛው ጊዜ ድምፄን የዋጥሁት በፍቅር ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ያች እኅት መምጣት አቆመች።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ያውቀዋል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የቤት ሰው ነበር። ዳዊት ደግሞ «የእኛ ሰው» ከተባለ ከእሱ በላይ ማን ሊባል ነው? የተቀባ፣ ዘማሪ፣ እግዚአብሔርን እንደ ልቡ ያስደሰተ። ናታን ግን ስለ ኦርዮ ደም ዝም አላለም፤ በ2ኛ ሳሙኤል 12 እንደምናነበው፣ የድሀውን ሰው በግ ታሪክ ነግሮ ጣቱን ወደ ንጉሡ አዞረ። ናታን «ዳዊት ከወደቀ ፍልስጥኤማዊ ይነግሥብናል» ብሎ ቢያስብ ኖሮ ዳዊት መቼ ንስሐ ይገባ ነበር? ወዳጅ ነቢይ ያጣ ንጉሥ ንስሐን ያጣል። መሪዎቻችንን የጎዳናቸው በማማት ሳይሆን በማጨብጨብ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በአክዓብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ አብድዩ የሚባል አማኝ አዛዥ ነበር (1ኛ ነገሥት 18)። በጭንቅ ዘመን መቶ ነቢያትን በዋሻ ሸሽጎ መገባቸው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚያገለግል አማኝ ጥሪ ክቡር ነው፤ ከባድም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን አብድዩ አይደለችም። የቤተ መንግሥቱን ሥራ አብድዩ ይሥራ፤ ኤልያስ በቦታው ይቁም። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚሸሸጉት ነቢያት የት ይሄዳሉ?

አንድ የአገልግሎት ባልንጀራዬ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ወንድሜ፣ መቶ ዓመት ተገፋን። ሬሳችንን የምንቀብርበት መሬት ስንለምን ኖርን። አሁን ትንሽ ብናርፍ ምን አለበት?» አለኝ። የሱን ቁስል አውቀዋለሁ፤ አባቱ ሲሞቱ የመንደሩ መካነ መቃብር ተከልክሎ አስከሬን ተሸክመው ሌላ ወረዳ ሄደዋል። እንዲህ ላለ ሰው ፍልስፍና መናገር አይቻልም። ነገር ግን እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ አባትህን የከለከሉ ሰዎች መሬቱ የእኛ ነው፣ ንጉሡም የእኛ ነው ያሉ ናቸው። እኛ ተራችን ደርሶ ያንኑ ብንል፣ ነገ የማንን አባት ሬሳ ነው የምንመልሰው? ዝም አለ። እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም፤ በየሳምንቱ ሻይ እንጠጣለን።

ይህ ፈተና በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1991 የዛምቢያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍሬድሪክ ቺሉባ ዳግም የተወለዱ ክርስቲያን ነኝ የሚሉ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ አገራቸውን «የክርስቲያን አገር» ብለው አወጁ። የዛምቢያ ወንጌላውያን ደስታ ወሰን አልነበረውም። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ሕገ መንግሥቱ ከሚፈቅድላቸው ሁለት ዘመን በላይ ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር እንቅስቃሴ ተጀመረ። ያን ጊዜ የወንጌላውያኑ ኅብረት፣ የካቶሊክ ጳጳሳትና የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤቱ ከጠበቆች ማኅበርና ከሌሎች ጋር ቆመው «አይሆንም» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቺሉባ ሐሳባቸውን ተዉ። ያች ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላ የቆየችበት ጊዜ እንደነበረ የራሷ ሰዎች ይናገራሉ። ግን ሳይረፍድ ድምጿ ተመለሰ፤ «የእኛ» ላሉት ሰው «ይበቃል» ለማለት።

አሁን ከዳር ወደምታዩን ወገኖች ልመለስ። በሠፈሬ ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ አለ፤ ሃያ ዓመት ስኳርና ሳሙና የምገዛው ከእሱ ነው። ባለፈው ዘይት ልገዛ ሄጄ ዋጋውን ስሰማ ጭንቅላቴን ያዝሁ። እሱ ፈገግ ብሎ «ፓስተር፣ የእናንተ መንግሥት ነው እኮ ያስወደደው!» አለኝ። ሳቅን። ቤት እስክደርስ ግን ሳቁ ከአፌ ጠፋ። ሃያ ዓመት ስለ ኢየሱስ ያልጠየቀኝ ሰው፣ አሁን ስለ ኢየሱስ ብነግረው የሚሰማው ስለ ዘይት ዋጋ ነው። ለእሱ ወንጌል ማለት አንድ ፓርቲ፣ አንድ ካቢኔ፣ አንድ የግብር ደረሰኝ ሆኖበታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «የእኛ ሰው» እያልን በየአደባባዩ ያወጅነው እኛ ነን። ይህን የምታነቡ፣ በመንግሥት ሥራ የተከፋችሁና በዚያ ምክንያት ከወንጌል የራቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። ክርስቶስ በቤተ መንግሥት ወንበር አይለካም። እሱ በዘመኑ ሊያነግሡት ሲፈልጉ ሸሽቶ ተራራ የወጣ ጌታ ነው (ዮሐንስ 6)።

ታዲያ ስለ መሪዎች አንጸልይ? እንጸልያለን እንጂ! ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ነገሥታትና ስለ ባለሥልጣናት ሁሉ ይጸለይ ብሎ ሲጽፍ በሮም ዙፋን ላይ የተቀመጠው ክርስቲያን አልነበረም። ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ስለዚያች ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሎ ጽፎላቸዋል፤ የናቡከደነፆር ከተማ ናት። ጸሎቱ መሪው የእኛ በሆነ ጊዜ የሚጨምር፣ ባልሆነ ጊዜ የሚቀንስ ከሆነ የምንጸልየው ለአገር አይደለም፤ ለወገናችን ነው። በአጥቢያችን በዚህ ዓመት አንድ ትንሽ ነገር ለውጠናል። ለመሪዎች ስንጸልይ ስም አንጠራም፤ «በሥልጣን ላይ ያሉትን» እንላለን። ቀጥሎም በእነርሱ ዘመን የሚያለቅሱትን በየክልላቸው እየጠራን እንጸልያለን። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «ይህ ነገር አያስመታንም?» ብለው ነበር። ሌላው መለሱላቸው፤ «ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ ለጸሎት የተመታን ሰዎች አይደለን እንዴ?»

ያችን እኅት የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ከወራት በኋላ ደወልሁላት። አላነሣችም። ሁለተኛ ጊዜ አነሣች። እናቷ በሕይወት መኖራቸውን፣ ታናሽ ወንድሟ ግን አለመኖሩን ነገረችኝ። ወንድም እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ወረቀቷን ኪሴ እንደ ከተትሁት ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አይቼዎታለሁ ፓስተር» አለችኝ። «ሲያጥፉት አይቼዎታለሁ። የከፋኝ ግን እሱ አልነበረም። ከእኔ ቀጥሎ የቪዛው ሲነበብ እኔም አሜን ማለቴ ነው የከፋኝ።»

ወደ አጥቢያችን አልተመለሰችም፤ ሌላ ቦታ ታመልካለች። በበዓል በበዓል እንደዋወላለን።

ወጣቱን ወንድሜን ትናንት አግኝቼ፣ ከመጪው እሑድ ጀምሮ የጸሎት ወረቀቶቹን በመድረክ የሚያነበው እሱ እንደሆነ ነገርሁት። ደነገጠ። «ሁሉንም ነው የማነበው ፓስተር?» አለኝ። ሁሉንም አልሁት።